ትንፋሽ ጠጋኞች

አቦትስፎርድ ዳር፣ ከእንጆሪው ማሳ፣
አንድ ጋራዥ አለን፣
በሩ ሲከፈት እንደ በሬ የሚያገሳ።
ግራው የናዛር ነው፣ ቀኝ ቀኙ የኔ፤
ኪራዩ በእሱ ስም፣ መብራቱ በኔ።
ሥራዬ ብስክሌት ነው፤ ጎማ እለጥፋለሁ፤
እሱ ሃርሞኒየም። ብዙ ጊዜ አያለሁ
ከሙጫ ቆርቆሮዬ ጠብታ ተበድሮ
የወናፉን ስንጥቅ ሲደፍን አቀርቅሮ።
የሁለታችንም እንጀራ አየር ነው፤
የኔ እንዳያመልጥ፣
የሱ ግን በልኩ፣ በምላስ በኩል እንዲያመልጥ ነው።

"ይሄ ሳጥን" ይላል "ባሕር ማዶ ተወልዶ፣
እንደ ጌታ ቆሞ፣ በእግር መረገጥ ለምዶ፣
አገራችን ሲደርስ መሬት ተቀመጠ፤
እግሩን ቆረጥንለት፤ ለእጅ ተሰጠ።"

ሊቃውንቱ ግን ናቁት።
ሳራንጊ የሚሏት፣ የማሲንቆ የሩቅ ዘመድ፣
ከድምፅ ወደ ድምፅ ስትሄድ
በጣት ተንሸራታ፣ መሃሉን ዳስሳ ነው፤
ይሄ ግን ደረጃ ነው፤
ወይ እዚህ ነህ፣ ወይ እዚያ፤ መሃል የሚባል የለው።
ሬዲዮው እንኳን ሳይቀር በሩን በላዩ ገጥሞ
ሠላሳ ዓመት ያህል ደጅ አስጠናው አቁሞ።

"ታዲያ ለምን?" አልኩት።
በተከፈተው በር የእንጆሪውን ሐረግ አሳየኝ፣
ከእንጨትና ከሽቦ የታሰረውን፤ እንዲህም አለኝ፦
"ሐረጉ ያሻውን ዞሮ ይጠመዘዛል፤
እንጨቱ ሥራው መቆም ነው፤ ይቆማል።
ዘማሪው ይንከራተት፣ ይውጣ፣ ይውረድ፣ ይራቅ፤
አንድ ሰው ግን አለበት ቤት የሚጠብቅ።"

ያ ጎርፍ የመጣ ጊዜ፣ ወሩ ኅዳር ነበር፣
ውሃው ከወንዙ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲሰፍር፣
ሞሂንደር ካውር መጣች በልጇ መኪና፣
ሳጥኑን በሟች ባሏ ካፖርት ሸፍና።
ከሆዱ የወጣው፦ ደለል፣ የእንጆሪ ቅጠል፣
አንዲት የሞተች ዓሣ፣ ትንሽ ጣት የምታክል።
ናዛር አልሳቀም። ዓሣዋን በጨርቅ አኖረ፤
አርባ ሁለት የናስ ምላስ አንድ በአንድ ቆጠረ።

ሰባት ሳምንት ፋቀ፣ ሞረደ፣ አደረቀ።
ሲሞርድ በጆሮው ነው፤ ዓይኑ ደጅ ዝናቡ ላይ።
አንዳንዴ፦ "ስማማ፣ ይሄ ከዚያኛው ይቀጥናል ወይ?"
እኔ የማውቀው ድምፅ ጎማ ሲተነፍስ ብቻ ነው፤
"አዎ፣ ይቀጥናል" እለዋለሁ።
"ውሸታም" ይለኛል፣ ቀና ሳይል። እስቃለሁ።

ቅዳሜ ጧት መጣች።
ካርቶን ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን አጣጥፋ፤
ግራ እጇ ወናፉን ገፋ።
ድምፁ ገና ሳይወጣ
ትንፋሹ ተሰማን፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሣ
ሽማግሌ፣ "እህ" እንደሚል ወገቡን ይዞ።
ከዚያ አንድ የኪርታን ስንኝ፣ ጋራዡን ሞልቶ፣
ቱቦውን፣ መፍቻውን፣ የተሰቀሉትን ቸርኬዎች አንቀጥቅጦ።
መሃሉ ላይ አቆመች።

"ንጹሕ ነው" አለች። ፊቷ ግን አልበራም።
"ንጹሕ መሆኑ ነው፤ የሱ አልመሰለኝም።
ይቺ ቁልፍ፣ ሦስተኛዋ፣ ትንሽ ትዋሽ ነበር፤
እሱም አርባ ዓመት ሙሉ ጉርድዋራ ሲዘምር
እሷ ጋ ሲደርስ አብሯት ይዋሽ ነበር።"

ናዛር ጢሙን ዳሰሰ፤ ሞረዱን አየው፤ አስቀመጠው።
"ይህንን አልችልም" አላት፤ "ውሸት ሞርጄ አላውቅም።
ግን ውሰጂው ቤትሽ፤ ከማሞቂያው አታርቂው፤
ሁለት ክረምት ይለፍ፤
እንጨቱ ይድረቅ፣ ደግሞ ይበጥ፣ ደግሞ ይድረቅ፤
ያኔ ራሱ ይጀምራል።
እኛስ ስናረጅ መዋሸት ማን አስተማረን?"

ሳቀች፤ እንባዋም መጣ፤ የቱ እንደቀደመ አላየሁም።
ለእሱ ገንዘቡን ቆጠረች።
ለሙጫዬም አንድ ብልቃጥ የማንጎ አቻር አስቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎማ ነፍቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ፦ ጸጥ።
የኔ ሥራ እንዲህ ነው። ሲያምር ዝም ይላል፤
ድምፅ ካወጣማ፣ ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል።